በራሷ ላይ እጅ ያወጣች ሴት

ከወልድያ ወደ ላሊበላ በምትወጣ የጭነት መኪና ላይ፣ አንዲት ሴት የገበሬዎች አገልግሎት ማኅበር አመራር ኮሚቴ አባል መሆኗንና ከሁለት ሳምንት ሥልጠና እየተመለሰች መሆኗን አጠገቧ ለተቀመጡት ሽማግሌ ቄስ ነገረቻቸው።

«ሁለት ሳምንት ሙሉ ምን አስተማሩሽ ልጄ?»

«ስብሰባ መምራት፣ አባ።»

«ቤትሽን ትመሪ የለም እንዴ?»

«ቤት ውስጥ እጅ የሚያወጣ የለማ፣ አባ።»

«እስካሁንስ ኮሚቴው ላይ ምን ስትሠሪ ነበር?»

«ወንዶቹ እጃቸውን ሲያወጡ እኔም አወጣለሁ። የማኅበሩ ወፍጮ ብልባላ ይተከል ሲሉም አወጣሁ።»

«ታዲያ ምን ክፋት አለው?»

«ከኛ መንደር የግማሽ ቀን መንገድ ነው። እህሉን የምንሸከመው ደግሞ እኛ ሴቶቹ ነን።»

«በገዛ እጅሽ ተሸከምሽው በይኛ።»

«ተሸከምሁት፣ አባ። ሐሙስ ስለ ሁለተኛው ወፍጮ እንሰበሰባለን። መጀመሪያ የምናገረው እኔ ነኝ።»

«ሊቀመንበሩ ቢቆጣስ?»

«ቁጣዎ በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ እላቸዋለሁ።»

«እንግዲያስ የምጸልየው ለሱ ነው» አሉ ቄሱ እየሳቁ።

ከጎናቸው ተቀምጬ ስሰማ የነበርሁት እኔ፣ በኛ ቀበሌ ኮሚቴ አብራን የምትቀመጠውን ሴት ድምፅ ለማስታወስ ሞክሬ አቃተኝ።