ገመዱ በር ላይ፣ ድንጋዩ አንገት ላይ

በኛ ጊዜ መንገድ ሲበላሽ የሚጠየቅ ባለቤት አልነበረውም፤ ዶማ ነበር። ቄሱ ከቅዳሴ በኋላ «በሩን ጎርፍ በልቶታል፣ ማክሰኞ ውጡ» ይላሉ፤ እንወጣለን። በቃ። ብዙ ወሬ የለውም።

በሩ የምላችሁ ይህ ወደ መሐል ሜዳ ከተማ ስትሄዱ ገደሉን ሰንጥቆ የሚያልፈው ጠባብ መንገድ ነው። እኛ ነን የፈለጥነው። እኔ ጎልማሳ ነበርኩ፣ መምሬ ጌጡ ያኔ ዲያቆን ነበሩ። ባለቤቴ እልፍነሽም ጠላ በእንስራ አዝላ ትመጣ ነበር። ታዲያ ያ በር የማን ነው? የሁሉም ነው፤ የማንም አይደለም።

ኋላ አንድ ባለሀብት መጣ። ድንጋይ ሊፈጭ ነው አሉ፣ ማሽን ተከለ። መኪኖቹ መንገዱን አረሱት። እና ሰበሰበን።

«አባቶቼ፣ መንገዱን ጠጠር ላልብስላችሁ። ለጥገናው ከሚያልፈው መኪና ትንሽ ልቀበል» አለ።

መልካም ነው አልን። ከመካከላችን መኪና ያለው ማን ነው? ወረቀት ይነበብ ጀመር። እኩሌታው ላይ ሲደርስ ሰማዩ ጠቆረ። የታጨደ ገብሳችን ሜዳ ላይ ነው። «የቀረውን እግዜር ያሳምረው» አልንና ተነሣን። ስድስት ሽማግሎች ፈረምን። ፈረምን ስል እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ በጣት ነው። ታላቅ ይቅደም ተባለና መጀመሪያ ያረፈው የኔ አውራ ጣት ነው። የቀረው ወረቀት ምን እንደሚል ያወቅነው ገብሱ ጎተራ ከገባ በኋላ ነው።

በሩ ላይ ገመድ ተዘረጋ። ቀይ ጨርቅ ተንጠለጠለበት፣ ዘበኛ ቆመ። መጀመሪያ የሚከፍለው መኪና ብቻ ነው። ሰነበተና የተጫነ አህያ ሆነ። ሰነበተና ፈረስና በቅሎም ሆነ። እንዳትዞሩት በአንድ ወገን ገደል፣ በአንድ ወገን የሰውየው አጥር ነው።

እልፍነሽ ደም ብዛት አለባት። በየወሩ መሐል ሜዳ ጤና ጣቢያ ትሄዳለች። ጉልበቷ እንቢ ስላለ በበቅሎ ነው የምወስዳት። ታዲያ አንድ ቀን ገመዱ ጋ ስንደርስ ዘበኛው፦

«ይክፈሉ፣ አባቴ» አለኝ።

«የምን?»

«የጭነት።»

«ምን ጫንኩ?»

በአገጩ ወደ እልፍነሽ አመለከተኝ።

«ይቺ እኮ ሚስቴ ናት» አልኩት።

«በቅሎ ላይ ያለ ሁሉ ጭነት ነው። ወረቀቱ ላይ አለ።»

እሷ ከላይ ሆና «አንተ ልጅ! አምስት ስወልድለት ይህ ሰውዬ እንኳ ጭነት ብሎኝ አያውቅም። ጭነት ከሆንኩ ና አራግፈኝ!» አለችው። ሰው ሳቀ። ዘበኛውም ሳቀ። ገመዱ ግን አልተፈታም። ከፈልን።

በወሩ የምንከፍለው አልነበረንም። በገደሉ ሥር ባለችው የፍየል መንገድ ዞርን። በቅሎዋን ሁለት ጊዜ አዳለጣት። ከዚያ እልፍነሽ ወረደችና በእጇ እየዳኸች ወጣችው። እላይ ስትደርስ ተቀመጠች። ትንፋሿ እስኪመለስ በቅሎዋን ያዝኩ።

«ከዛሬ ወዲያ አልመጣም» አለች።

«መድኃኒቱስ?»

«ይቅር።»

እሷ ይቅር ካለች ቀረ ማለት ነው። እኔ ላምጣልሽ እንዳልል፣ ሐኪሙ ደሟን ሳይለካ አይሰጥም። ኪኒኑም እያለቀ ነው።

ጎረምሶቹ ተሰልፈው «የሕዝብ መንገድ ይከፈት!» ብለው ጮኸዋል። ወረዳም ሄደው አቤት ብለዋል። ወረዳ «ሽማግሎቻችሁ ፈርመዋል» አላቸው። ታዲያ አገሩ ሁሉ ዞሮ እኛን አየ። ማንም ክፉ አልተናገረኝም። እሱ ነው የባሰብኝ።

መምሬ ጌጡ ዘንድ ሄድኩ።

«አባ፣ በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

«አንተማ ማንበብ አትችል። እኔ ዳዊት እየደገምኩ፣ ሳላነብ ፈረምኩ። የኔ ይብሳል» አሉኝ።

«ምን ይሻላል?»

«የበደለ ሰው ምን ያደርጋል?»

«ድንጋይ ይሸከማል።»

«ታዲያ እኔን ምን ትጠይቀኛለህ?»

እናንተ የዛሬ ልጆች አይታችሁ እንደሆን እንጃ። በኛ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ የበደለው ሰው ፊት ይንበረከካል። ተበዳዩ «ይቅር ለእግዜር» ይልና ድንጋዩን በገዛ እጁ ያወርድለታል። እሱ ሳያወርድለት አይነሣም። ደንቡ ይህ ነው።

ታዲያ አገሩን እዚያው የበደልንበት፣ በሩ ላይ ጠራነው። እልፍነሽን «ይቅርታ ልጠይቅሽ ነውና በቅሎዋ ላይ ውጪልኝ» ብላት «ብርድ ነው፣ እዚሁ ምድጃው ጥግ ጠይቀኝ» አለች። ብዙ ለምኛት ወጣች። የሐኪም ቀጠሮዋም ቀን ነበር።

ስድስት ሽማግሎች ድንጋያችንን ተሸክመን ወረድን። ቃል አንተነፍስም። አገሩ ከኋላችን ነው። ዘበኛው የሩቅ አገር ሰው ነው፣ ደንባችንን ከየት ያውቀዋል? ድንጋይ የያዘ ሰው ዝም ብሎ ሲመጣበት አየ።

«በሕግ አምላክ! ቁሙ!» አለ።

ቆምን። በሕግ አምላክ የተባለ ሰው ይቆማል። መቆማችን ደግሞ ባሰበት። «ሊያነጣጥሩ ነው!» አለና ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ «ጌታዬ ድረሱልኝ፣ ቄሱ ሳይቀሩ ድንጋይ ይዘዋል!» እያለ ቁልቁል በረረ። አንድ እግር ጫማው እዚያው ቀረ።

ገመዱ ብቻውን ሆነ። ጎረምሶቹ «እንበጥሰው» አሉ። መምሬ «ለይቅርታ መጥተን ሌላ በደል እንጨምር?» አሏቸው። መንገዱ መሐል ተንበረከክን፤ እኔ ከእልፍነሽ በቅሎ ፊት። መኪናውም ከወዲያም ከወዲህም ተደረደረ፣ ጥሩምባው ጆሮ ያደነቁራል።

ባለሀብቱ ሚሊሺያ ይዞ ደረሰ። ሚሊሺያው ሽመልስ ነው፣ የጎረቤቴ ልጅ። ሲያየን ጠመንጃውን አነገተና ኮፍያውን አወለቀ።

«ጌታዬ፣ ጠብ አይደለም። ይቅርታ እየጠየቁ ነው» አለው።

«እኔን?» አለ ሰውየው፤ ደስ ያለው መሰለ።

«እርስዎን አይደለም፣ አገሩን።»

«ምን አጠፉና?»

እኔ ከተንበረከክሁበት «ላንተ ስለ ፈረምን» አልኩት።

ከዚያ ቀና አልኩና «እልፌ፣ በድዬሻለሁ። ስለ እግዜር ይቅር በይኝ» አልኳት።

«ይቅር ብዬሃለሁ። ድንጋዩን ግን አላወርድም» አለች።

«ምነው?»

«ከወረድኩ ማን መልሶ ያወጣኛል? መጀመሪያ ገመዱ ይውረድ!»

ይህን ጊዜ ሴቶቹ ሁሉ «ይውረድ! ገመዱ ይውረድ!» አሉ። የመምሬ ጉልበት ይንቀጠቀጣል። የኔም ማጅራት እሳት ሆኗል። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር አንገቱን አውጥቶ «ኧረ ሰውዬ፣ ሽማግሎቹ ሊሞቱብህ ነው!» አለው።

ባለሀብቱ ወደኛ አየ፣ ወደ መኪናው አየ። ከዚያ ሄደና በእጁ ፈታው። «ሰውና ከብት ይለፍ። የመኪናውን ወረዳ እንነጋገርበታለን» አለ።

ይህንኑ ወረዳ ፊት አስጻፍነው። ስናስጽፍ ዝናብ ዘነበ፤ እኛ ግን እስከ መጨረሻው መስመር ሳይነበብልን ንቅንቅ አላልንም። የመኪናው ነገር ዛሬም ቀጠሮ ላይ ነው። አላለቀም።

«ድንጋዩስ፣ አባባ? እማማ አወረዱልዎ?»

ጥሩ ጠየቅህ፣ ልጄ፤ የታለችና! የሌሎቹን አገሩ አወረደላቸው። እሷ ገመዱ እንደ ተፈታ በቅሎዋን ኮልኩላ አለፈች። «እልፌ፣ ድንጋዩ!» ብላት «ሐኪሙ ምሳ ሊወጣ ነው!» ብላኝ ዞርም አላለች። ሽመልስ ላውርድልዎ አለኝ፣ እንቢ አልኩ፤ የተበደለችው እሷ ናት። ሲከብደኝ ጭኔ ላይ አደረግሁት እንጂ መሬት አላስነካሁትም። እና ተቀምጬ ጠበቅኋት።

ከሰዓት በኋላ መድኃኒቷን ይዛ መጣች።

«አንተ ሰውዬ፣ እስካሁን እዚህ ነህ?»

«ማን አወረደልኝና?» አልኩና ድንጋዩን መልሼ ማጅራቴ ላይ አደረግሁት።

«ወይ ሞኝ!» አለች። ከበቅሎዋ ሳትወርድ «ይቅር ለእግዜር» ብላ አሽቀንጥራ ጣለችልኝ። በእግሯ፣ ልጆቼ! ሃ ሃ ሃ! በእግሯ!