ከእሺ በፊት አይቀመስም

(በእንግሊዝ አገር፣ በአንዲት የባሕር ዳር ከተማ፣ ሬግ የሚባል ሰው የባሕር ቀንድ አውጣና በጄሊ የረጋ የኢል ዓሣ ከሚሸጥበት ሱቅ ጀርባ፤ የሬግን ልጅ ሆሊን ሊያገባ የቆረጠው ዋለልኝ መኪናውን አቁሞ ሲመለስ፣ ለሽምግልና ያመጣቸው አክስቱ እትዬ ይርገዱ ያ ዓሣ የሞላበት ኩባያ ይዘው ቆመዋል።)

ዋለልኝ፦ በእግዚአብሔር፣ እትዬ! አንድ ጉርሻ ብቻ!

እትዬ ይርገዱ፦ አማላጅ «እሺ» ሳይባል እህል ውሃ ይቀምሳል? እንኳን ልበላ መቀመጥም የለብኝም።

ዋለልኝ፦ እሱ ይህን ወግ የት ያውቀዋል! ሱቁ መጥቶ የሰጠውን ያልበላን ሰው «ንቆኛል» ነው የሚለው። እርስዎ ካልበሉ ሆሊን አይሰጠኝም።

እትዬ ይርገዱ፦ እኔም እሺ ካላለ አልበላም። እንግዲህ እንደቆምን ይምሽብን።

ዋለልኝ፦ አክስቴ ብዬ እኮ ነው ያመጣሁዎት!

እትዬ ይርገዱ፦ ሦስት የደንበጫ ሽማግሌ ቪዛ ሲከለከል ነው ያመጣኸኝ። ደሞ እስቲ እየው፣ ይንቀጠቀጣል እኮ!

ዋለልኝ፦ ጄሊው ነው። ዓሣው ተቀቅሎ በገዛ መረቁ ሲረጋ እንደዚያ ይሆናል።

እትዬ ይርገዱ፦ ዓሣ? ቅርፊቱስ? ይሄ ጭንቅላቱ የተቆረጠ እባብ ነው።

ዋለልኝ፦ እባብ ያየ በልጥ በረየ አሉ።

እትዬ ይርገዱ፦ ልጥ ላይ ኮምጣጤና ቁንዶ በርበሬ ነስንሰው «ብላ» አይሉህም፣ ልጄ።

ዋለልኝ፦ ቀንድ አውጣው ይሻልዎታል? ላምጣልዎት?

እትዬ ይርገዱ፦ ያንንማ አየሁት። አንዲት ባልቴት በስፒል ከገዛ ቤቱ ጎትታ አወጣችው። ምን በደላት?

ዋለልኝ፦ እትዬ፣ ይስሙኝ። ይህ ሱቅ የአያቱ ነው። ድሮ እሑድ እሑድ ሰልፉ ባሕሩ ጫፍ ይደርስ ነበር ይላል። ዛሬ ወጣቱ አፍንጫውን ይዞ ያልፋል፣ ቱሪስቱ ፎቶ አንስቶ «ኤጭ!» ብሎ ይሄዳል። ያን ሲያይ ፊቱ ይጠቁራል። ከእኔ በፊት ሆሊን የጠየቀውን ልጅ ሶፍት ውስጥ ሲተፋ አይቶት ነው ያባረረው።

እትዬ ይርገዱ፦ አንጀቴን በላኝ።

ዋለልኝ፦ ልጁ?

እትዬ ይርገዱ፦ ሬግ ነዋ! የሰው ማዕድ መትፋት ነውር ነው። ለመሆኑ አንተ ሁለት ዓመት ስትመላለስ ስንት ኩባያ በላህ?

ዋለልኝ፦ እኔማ... ማለቴ... አልፎ አልፎ...

እትዬ ይርገዱ፦ ስንት?

ዋለልኝ፦ ጾም ነኝ እለዋለሁ።

እትዬ ይርገዱ፦ ሁለት ዓመት ሙሉ?!

ዋለልኝ፦ መጀመሪያ ሁዳዴ ነበር፣ እውነቴን ነው። ቀጥሎ የሐዋርያት አልኩት። ቀጥሎ ፍልሰታ። ከዚያ በኋላ... ከራሴ ጨመርኩበት።

እትዬ ይርገዱ፦ ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል!

ዋለልኝ፦ «እንዲህ ያለ መንፈሳዊ ልጅ አይቼ አላውቅም» እያለ ለደንበኞቹ ሁሉ ያወራልኛል። ያን ስሰማ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጣለሁ።

እትዬ ይርገዱ፦ ሰውዬው እኮ ቤትህ መጥቶ ቁርጥ በልቷል ብለኸኛል።

ዋለልኝ፦ በሚጥሚጣ! እንባው እየወረደ ጥርግ አድርጎ በላው።

እትዬ ይርገዱ፦ እሱ ላንተ ሲል ጥሬ ሥጋ ሲውጥ፣ አንተ ለእሱ አንዲት ቁራጭ ዓሣ አቃተህ? አታፍርም?

ዋለልኝ፦ አፍራለሁ። ግን ሽታውን አልችለውም። እርስዎ ቢበሉ ከቤተሰቡ ሰው በላ ይባልልኛል ብዬ ነው።

እትዬ ይርገዱ፦ አሃ! ለካ የተፈለገው አፌ ነው፣ ሽምግልናዬ አይደለም።

ዋለልኝ፦ ሁለቱም። ሆሊን እወዳታለሁ፣ እትዬ። እሷን ካጣሁ ሰው አልሆንም። እግርዎን ልሳም፣ ዓይንዎን ጨፍነው ይዋጡልኝ!

እትዬ ይርገዱ፦ ለአፍ ዳገት የለውም፤ ዳገቱን የምወጣው እኔ! ተነሣ፣ ሱሪህ ቆሸሸ። ለመሆኑ መኪና ማቆሚያ ፍለጋ ስንት ደቂቃ ዞርክ?

ዋለልኝ፦ ወደ አርባ ደቂቃ። ምነው?

እትዬ ይርገዱ፦ እኛማ አልጠበቅንህም። ሆሊ በዚያች ስብርባሪ አማርኛዋ አስተረጎመችልን። እኔ ወጌን ነገርኩት፣ እሱም የሱቁን ወግ ነገረኝ። ሁለታችንም ግትር! መጨረሻ ላይ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለን፣ እሱ «እሺ» ሲል እኔ ዋጥሁት።

ዋለልኝ፦ እሺ አለ?! ዋጡት?!

እትዬ ይርገዱ፦ እኩል። ጨው ያንሰዋል እንጂ ክፉ አይደለም። የንስሐ አባቴ ቅርፊት የሌለው በላሽ ብለው ስግደት ሲያዙብኝ ግን ግማሹን አንተ ነህ የምትሰግደው።

ዋለልኝ፦ ሙሉውን እሰግዳለሁ! ታዲያ ይህን ሁሉ ስለምንዎት ዝም ብለው...

እትዬ ይርገዱ፦ ስትለማመጥ ታምራለህ።

ዋለልኝ፦ እትዬ! ስለ ጾሜስ? ጠየቀዎት?

እትዬ ይርገዱ፦ ጠየቀኝ እንጂ።

ዋለልኝ፦ ወይኔ! ምን አሉት?

እትዬ ይርገዱ፦ «አማቴ እሺ እስኪለኝ ከሱቁ አልቀምስም ብሎ ተስሎ ነበር፤ ስለቱ ዛሬ ይፈታል» አልኩት። አልቅሶ ይህን ኩባያ እስከ አፉ ሞላልህ። በል፣ በመስኮቱ እያየህ ነው፤ አፍህን ክፈት።