ካሴቱን ሰጥቶ ፍላሹን

ከአሰላ ወደ ዲክሲስ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ ሁለት ጎልማሶች ተቀምጠዋል። ከወሬያቸው እንደገባኝ፣ ቶላ የሚባለው ጴንጤ ሆኖ እሁድ ሊጠመቅ ነው፤ ዘፈን ትቻለሁ ብሎ የዕድሜ ልክ ካሴቶቹን ለጓደኛው ለግርማ ሰጥቶታል።

«ካሴቶቹን ወደድካቸው?» አለ ቶላ።

«ወድጃቸዋለሁ» አለ ግርማ። «ግን የሙዚቃ ቤቱ ሰውዬ፣ ሳትሰጠኝ በፊት በፍላሽ አስገልብጠሃቸዋል አለኝ።»

«እንዳይጠፉ ብዬ ነው።»

«ወዴት ነው የሚጠፉት? እኔ ጋ አይደሉም እንዴ?»

«አንተ ዕቃ አያያዝ አታውቅም።»

«አቦ ተወኝ። ኃጢአቱን ለእኔ አሸክመህ፣ ኮፒውን ለራስህ።»

«ሳስገለብጥ የእኔ ነበሩ።»

«ፓስተሩስ ያውቃል?»

«ፓስተሩ ካሴት ነው ያለው፤ ፍላሽ አላለም።»

«እሁድ ሰው ፊት ቆመህ ምን ልትል ነው?»

«ዘፈኔን ሁሉ ለቅቄያለሁ ነው የምለው።»

«ፍላሹ ኪስህ ውስጥ እያለ?»

«እሱ ነው እኮ እንቅልፍ የነሳኝ።»

«በል ፍላሹንም ስጠኝ። ሲናፍቅህ እኔ ቤት ና።»

«መጥቼ ከሰማሁ ምን ለውጥ አለው?»

«አንተ የመጣኸው እኔን ልትጠይቅ ነው። ቴፑ የሚዘፍነው ለእኔ ነው።»

ቶላ ፍላሹን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠው። «እንደሱ ከሆነ ድምፁን ከፍ አድርገው፤ ጆሮዬ ደክሟል።»

እኔም «እማዬ፣ ዘፈኑን ከስልክሽ አጥፊው» እያለ የሚቆጣኝን ልጄን አስቤ፣ ስልኬን ቀስ ብዬ ደረቴ ውስጥ ወሸቅኩት።