«ክፈሉ» ሲል የከረመው ሰው

በአንዲት የደጋ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት፣ ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፤ የዓመቱ የጤና መድን መዋጮ መክፈያ ቀን ትናንት አብቅቷል፤ የዕድሩ ጥሩምባ ነፊ አያ ደምሌ ከመድን ጸሐፊዋ ከይታይሽ ጠረጴዛ ፊት ቆመው ይሟገታሉ።

ይታይሽ፦ አይሆንም ብያለሁ አያ ደምሌ። መዝገቡ ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተዘግቷል።

ደምሌ፦ መዘጋቱንማ ለማን ትነግሪያለሽ? ኮረብታ ላይ ወጥቼ «ዛሬ ይዘጋል!» ያልኩት እኔ አይደለሁም እንዴ?

ይታይሽ፦ እኮ! አገሩን ሁሉ «ክፈሉ» እያሉ መውጫ መግቢያ አሳጥተው፣ እርስዎ ራስዎ ሳይከፍሉ?

ደምሌ፦ የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች። ይኸው፣ አንቺ እንዳትደክሚ ተረቱንም ራሴ ተረትኩልሽ።

ይታይሽ፦ አያስቁኝ። ዛሬ ሳቅ የለኝም።

ደምሌ፦ በእኔ ሳቂ አልኩ እንጂ በሌላ ሰው መቼ አልኩሽ?

ይታይሽ፦ ብሩ አልሞላ ብሎዎት ነው?

ደምሌ፦ ብሩማ ይኸው። ታኅሣሥ ላይ ገብሱን ሸጬ በጋቢዬ ጫፍ ቋጠርኩት። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ተለይቶኝ አያውቅም።

ይታይሽ፦ ይህን ቋጥረው ነው አሥራ አምስት ቀን ሙሉ «ያልከፈላችሁ» እያሉ የጮኹት?

ደምሌ፦ ጠዋትና ማታ። ስወጣም በዚህ በር፣ ስመለስም በዚህ በር። ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል ይላሉ፤ እኔ ማደሪያ እያለኝ ብር ይዤ ስዞር ከረምኩ።

ይታይሽ፦ ምናለ ታዲያ አንድ ቀን ጎራ ቢሉ?

ደምሌ፦ ሰልፍ ነበራ! ሰልፉን ያመጣሁት ደግሞ እኔ ነኝ። «ይኼ ሁሉ ሰው በእኔ አፍ ነው የመጣው» እያልኩ ቆሜ ደስ እያለኝ አየውና ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። ማስታወቂያ ለሰሚ ነው እንጂ ለነጋሪም መሆኑ ትዝ አላለኝም።

ይታይሽ፦ አምናስ ማን ከፈለ?

ደምሌ፦ እናኑ። በየዓመቱ እሷ ናት የምትከፍል። ዘንድሮ ነው «አንቺ አትድከሚ፣ ይህ የወንድ ሥራ ነው» ብዬ የተቀበልኳት። ወንዱ ይኸውልሽ፣ ቆሟል።

ይታይሽ፦ ሰልፍ ላስመረረው ሰው እኮ ስንት መንገድ ነበረ! ዕድሩ ከወሩ መዋጮ ጋር ሰብስቦ ይክፈልልዎ አልተባለም?

ደምሌ፦ ተብሏል። ግን ዕድር የቀብር ነው። መዳኛዬን በመቀበሪያዬ በኩል መክፈል ሟርት ሆነብኝ።

ይታይሽ፦ በሁለት ጊዜስ? ግማሹን ታኅሣሥ፣ ግማሹን ጥር?

ደምሌ፦ እሱንማ ከእኔ የተሻለ ያስረዳ የለም። «አንዴ የከበደህ ሁለቴ ክፈል!» እያልኩ ድምፄ እስኪዘጋ ለፍፌያለሁ። ለራሴ ሲሆን «ግማሽ የከፈለ ሰው ግማሽ ራሱን ሊታከም ነው እንዴ» አልኩና ተውኩት።

ይታይሽ፦ በስልክስ? ልጅዎ ከከተማ መጥታ እዚሁ ፊቴ አላስተማረችዎትም?

ደምሌ፦ አስተምራኛለች። ሚስጥር ቁጥርም አወጣችልኝ። «አባዬ እንዳትረሳው» ስትለኝ፣ እንዳልረሳው ብዬ ለወፍጮ ቤቱ ለታከለ ነገርኩት። ታከለ የረሳ እንደሆነ ብዬ ለመሪጌታም ነገርኩ። አሁን አገሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ የማላውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ይታይሽ፦ ሚስጥር ቁጥር እኮ ነው!

ደምሌ፦ ለጥሩምባ ነፊ ሚስጥር መስጠት ጅብን ሥጋ ጠብቅ እንደ ማለት ነው። ጥፋቱ የልጅቱ ነው።

ይታይሽ፦ ትናንት እንኳ፣ በመጨረሻው ቀን?

ደምሌ፦ ትናንት «ዛሬ የመጨረሻ ቀን ነው» እያልኩ ሰዉን ወደዚህ ስነዳ ዋልኩ። ቤቴ ገብቼ እግሬን ስታጠብ ነው የጋቢዬ ጫፍ ውኃው ውስጥ የገባ። ቋጠሮውን ሳየው እግሬም ልቤም አንድ ላይ ቀዘቀዙ።

ይታይሽ፦ እንግዲህ ምን ላድርግዎ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ። አሥር ሰዓት ላይ ሞተሩ መጥቶ መዝገቡን ወደ ወረዳ ይወስደዋል። ያልተመዘገበ ሰው እስከ መጪው ጥር በራሱ ኪስ ይታከማል።

ደምሌ፦ ለእኔ ቢሆን መች እመጣ ነበር። እኔን የሚያመኝ ጉሮሮዬ ነው፣ እሱም የእጄን ነው ያገኘሁ። እናኑ ናት።

ይታይሽ፦ እትዬ እናኑ ምን ሆኑ?

ደምሌ፦ እንቅርቷን ከነገ ወዲያ ሐሙስ ሆስፒታሉ ሊያወጣላት ነው። ሁለት ዓመት ወረፋ ጠብቃለች። ስትተኛ ትንፋሿ ያፏጫል ይታይሽ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ትንፋሿን እቆጥራለሁ፤ አንዱ ሲዘገይብኝ ተነስቼ እቀመጣለሁ።

ይታይሽ፦ ያለ መድን ብታስወጡስ?

ደምሌ፦ ያለ መድን ሁለቱን በሬዎቼን ይበላል። ይብላ! በሬ ነው። ግን ገበያው ቅዳሜ ነው፤ ሐሙስን በምን አልፋለሁ? ቀጠሮው ካመለጠ ደግሞ ሌላ ሁለት ዓመት። ሁለት ዓመት የምትጠብቅ አትመስለኝም።

ይታይሽ፦ እሳቸው ያውቃሉ?

ደምሌ፦ ማታ «የመድን ደብተሩ ታደሰ ወይ?» አለችኝ።

ይታይሽ፦ ምን አሏቸው?

ደምሌ፦ «ደምሌ ሳይከፍል ማን ሊከፍል» አልኳት።

ይታይሽ፦ ወይ አያ ደምሌ!

ደምሌ፦ እኔ ጠየቅኩ እንጂ መች ዋሸሁ? እሷ ናት መልስ አድርጋ የወሰደችው። ነጠላዋን አጥባለች፤ የምታስታምማት እህቷንም ከማዶ አስጠርታለች። ደስ ብሏታል። ፈራሁ ልጄ። ስልሳ አንድ ዓመት ኖሬ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

ይታይሽ፦ ይቀመጡ እስቲ። እኔ እኮ ጨክኜ አይደለም። ኮሚቴው የወሰነው እርስዎም ባሉበት ነው። ከቀኑ በኋላ አሥር አባወራ አንድ ላይ ካልመጣ ተጨማሪ ቅጽ አይሞላም።

ደምሌ፦ ያንንም የለፈፍኩት እኔ ነኝ። «ለዘመድ አይከፈትም! ለወዳጅ አይከፈትም!» ስል የሰማኝ ሁሉ ቆሞ አጨበጨበልኝ። ምን ዓይነት አፍ ነው የፈጠረብኝ!

ይታይሽ፦ ለአንድ ሰው ብከፍት ነገ ስሜ የት ይገባል? «ጸሐፊዋ ለወደደችው ትከፍታለች» ነው የምባለው።

ደምሌ፦ እንግዲያ አሥር አምጣ በይኛ! ያልከፈለው ስንት ነው?

ይታይሽ፦ አሥራ ሁለት። ከእርስዎ ጋር።

ደምሌ፦ ጥሪያቸው።

ይታይሽ፦ አናጢው ሙጬ።

ደምሌ፦ «ታምሜ አላውቅም» እያለ የሚፎክረው። ትናንት አውራ ጣቱን በመዶሻ ብሎት በአፉ ይዞ ሲዞር አይቼዋለሁ። ይመጣል።

ይታይሽ፦ እነዋለ፣ ሁለቱ ወንድማማቾች።

ደምሌ፦ «አንተ ቅደም»፣ «የለም አንተ ቅደም» ሲባባሉ ጥር አለቀባቸው። አንዱን ከጎተትኩት ሌላው ይከተላል።

ይታይሽ፦ ወይዘሮ አጓጉ።

ደምሌ፦ እሷ «መድን የገባሁ እንደሆነ በሽታው ይሰማል» ብላ የፈራች ናት። እሷንም አላጣትም።

ይታይሽ፦ አራቱ ከወንዝ ማዶ ናቸው። የእነፈንቴ ሦስት ቤት ግን ለሥራ ቆላ ወርዷል፤ እነሱን ይተዉዋቸው።

ደምሌ፦ ሙጬ አንድ። ወንድማማቾቹ ሦስት። አጓጉ አራት። ማዶዎቹ ስምንት። እኔ ጅሉ ዘጠኝ።

ይታይሽ፦ ዘጠኝ።

ደምሌ፦ አንድ ጎደለን?

ይታይሽ፦ የጎደለውን ይተዉትና ዘጠኙንስ በምን ሊያመጧቸው ነው? አሥራ አምስት ቀን ነፍተውላቸው ያልመጡ በሁለት ሰዓት ሊመጡ? የእርስዎን ጥሩምባ ሲሰሙ «ማን ሞተ?» ብለው ነጠላቸውን ያዘቀዝቃሉ እንጂ ብር ይዘው ሲመጡ አላየሁም።

ደምሌ፦ «ክፈሉ» ብላቸው አይመጡም። ሰው ምን ሲሰማ እንደሚሮጥ ግን ሠላሳ ዓመት ነፍቼ አውቀዋለሁ። ለቅሶ ሲሰማ ይሮጣል፤ የሰው ጉድ ሲሰማ ደግሞ ከለቅሶው የበለጠ ይሮጣል። የራሴን ጉድ ልንፋው ነው።

ይታይሽ፦ ምን ብለው?

ደምሌ፦ «ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ክፈሉ ሲላችሁ የከረመው ደምሌ ራሱ አልከፈለም! ሚስቱን አታሎ ከቀበሌው በር ላይ ተገትሯል! ሊስቅበት የፈለገ እስከ አሥር ሰዓት ይምጣ! ያልከፈለ የሆነ ግን ብሩን ካልያዘ መሳቅ አይፈቀድለትም!»

ይታይሽ፦ ሃ ሃ! ይቅርታ... ሙጬ ነው ፊተኛው።

ደምሌ፦ መጋዙን ጥሎ ነው የሚመጣ! ባለፈው ቀብር ቀርቶ ያስቀጣሁት እኔ ነኝ፤ ይህን ቀን ሲጠብቅ ኖሯል።

ይታይሽ፦ ማዶዎቹስ ይሰሙዎታል?

ደምሌ፦ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ወደ እነሱ ነው። ኮረብታው ጫፍ ላይ ከወጣሁ ቤታቸው ተቀምጠው ይሰሙኛል።

ይታይሽ፦ እትዬ እናኑም ይሰማሉ እኮ።

ደምሌ፦ ትሰማለች። ሞኝን እባብ ሁለት ጊዜ ነደፈው፤ አንዴ ሳያይ፣ አንዴ ሲያሳይ። ያው ሁለተኛውን ልነደፍ ነው። ትስማ። አኩርፋም ቢሆን ትዳንልኝ። ከዳነች ማኩረፊያ ዘመን ሞልቷታል።

ይታይሽ፦ እርስዎስ ደህና ሰው ነዎት አያ ደምሌ።

ደምሌ፦ ደህና ሰውስ በታኅሣሥ ከፍሏል። አሁን አሥረኛውን ፈልጊልኝ። እስቲ ስማቸውን የጠራሽበትን ወረቀት ልየው።

ይታይሽ፦ መነጽርዎን ሳይዙ ምን ያነባሉ?

ደምሌ፦ ፊደሉን ተዪው፤ መስመር መቁጠር አያቅተኝም። ከቀብር የቀረውን ቆጥሬ የማስቀጣ ሰው ነኝ። ስምንት... ዘጠኝ... አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት። እጅሽን አንሺ እስቲ።

ይታይሽ፦ አለቀ፤ አሥራ ሁለት ነው አልኩዎት እኮ።

ደምሌ፦ ከመዳፍሽ ሥር አንድ መስመር አለ።

ይታይሽ፦ እሱ አይቆጠርም።

ደምሌ፦ ለምን? ሰው አይደለም?

ይታይሽ፦ እናቴ ናት።

ደምሌ፦ ደብሬ?

ይታይሽ፦ የሦስት መቶ አባወራ ስም ስጽፍ የእሷን «መዝገቡ እጄ ላይ አይደል፣ የትም አይሄድ» እያልኩ አቆየሁት። ትናንት አስምሬ፣ ፈርሜ፣ ማኅተም ካስመታሁ በኋላ ነው ትዝ ያለችኝ።

ደምሌ፦ የስኳር በሽተኛ አይደለችም እንዴ?

ይታይሽ፦ በየወሩ መድኃኒት ትወስዳለች። ከጠዋት ጀምሮ መዝገቡን ገልጬ እከድናለሁ። ብቻዬን ነበርኩ፤ ብጽፋት ማን ያየኛል? እጄ እምቢ አለኝ። እርስዎ ሲገቡ ደግሞ ንዴቴን ሁሉ በእርስዎ ላይ አወረድኩት።

ደምሌ፦ እኔ እኮ ቁጣሽ በዛብኝ ብዬ ነበር። ለካ የሁለት ሰው ቁጣ ነው ብቻዬን የጠጣሁት!

ይታይሽ፦ ይቅር ይበሉኝ።

ደምሌ፦ ምን ይቅር ማለት ያሻዋል፣ አሥር አደረግሽን እኮ! ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ፤ ዝንጉዎች ቢያብሩ ደግሞ ቅጽ ያስሞላሉ። በይ ልሂድ፣ ሰዓቱ ሄደ። አንቺ አትሳቀቂ፣ ስምሽን አላነሳም። «አንድ ሌላ ሰውም አለ» ብዬ አልፈዋለሁ። መሳቂያነቱን እኔ ለምጄዋለሁ።

ይታይሽ፦ ስሜን ካላነሱማ ነገ «ለእናቷ ብላ ከፈተች» መባሌ አይቀርም።

ደምሌ፦ ታዲያ ምን ብዬ ልንፋ?

ይታይሽ፦ ከእርስዎ ስም ቀጥለው «ጸሐፊዋ ይታይሽም የእናቷን አልከፈለችም» ይበሉ። እሱ ላይ ሲደርሱ ድምፅዎን ከፍ ያድርጉት፤ እማዬ ጆሮዋ ይከብዳታል።