የአናጺው ድረ ገጽ

በሚኒባስ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ፣ ከፊቴ የተቀመጡ አንድ አዛውንት አናጺ ስልካቸውን ለጎናቸው ላለችው ወጣት ሰጧት።

«ልጄ፣ የሱቄን ድረ ገጽ እስቲ ክፈቺልኝ።»

«አባባ፣ ይሄ እኮ ቁማር የሚያጫውት ገጽ ነው።»

«ስሜ አለበት?»

«ፎቶዎም አለ።»

«ወላሂ፣ ቁማር በደጄ አልፎ አያውቅም።»

«የኢንተርኔት ሌቦች ሰብረው ገብተውበት ነው። የሚያድሰው ሰው አለ?»

«የሠራልኝ ሰው አገር ለቋል። እንደ ቁምሳጥን አንዴ ከተሠራ የሚበቃው መስሎኝ።»

«ይሄን አዘግተው፣ ጥበቃውንም እድሳቱንም ገጹን የሚያከራየው ድርጅት ራሱ የሚሠራው ዝግጁ ገጽ ይያዙ። እርስዎ ፎቶና ስልክ ቁጥር ብቻ ያስገባሉ።»

«እሺ። ግን ልጄን ሊያጩ ለመጡት ሰዎች፣ ሥራዬን ይዩ ብዬ የሰጠኋቸው ይሄንኑ ነው። ከትናንት ጀምሮ ስልኬን አያነሱም።»

መውረጃዬ ጋ ስንደርስ፣ የነገራቸውን መጨረሻ ልስማ ብዬ «ወራጅ አለ» ሳልል አለፍኩት።