በአሪፋ ካርድ ላይ የተጻፈው ቃል

የምስክሩ ስም፦ ሙሀይሚን ኸሚስ
ዕድሜ፦ 17
ሥራ፦ የ11ኛ ክፍል ተማሪ
አድራሻ፦ ትውልዱ አምባሰል ወረዳ፤ ለትምህርት ሐይቅ ከተማ አጎቱ ዘንድ የሚኖር
ቃሉ የተሰጠበት፦ ሰኔ 20 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡30 ሰዓት
አብረው የቀረቡ አሳዳጊ፦ እናቱ ወ/ሮ ዘይቱና አብዱልሃሚድ
ቃሉን የተቀበለው፦ ም/ሳጅን አራጋው እንየው

ሟች አሪፋ ኸሚስ የእናቴና የአባቴ ልጅ፣ ታላቅ እህቴ ናት። አጎቴ ሳሊሕ፣ የሥነ ምግብ ባለሙያዋ እድላዊት ውበቱ እህቴን አስርባ ገድላታለች ሲል ባመለከተው ጉዳይ የማውቀውን ተጠይቄ ቀጥሎ ያለውን ተናግሬአለሁ።

አሪፋ 23 ዓመቷ ነበር። ሳውዲ ሦስት ዓመት ቆይታለች። ኅዳር ላይ ጦርነቱ ሐይቅ ገብቶ ስልክ ሲቋረጥ እሷም ሳውዲ ተይዛ ታስራ እንደነበር የሰማነው ዘግይተን ነው። ግንቦት 22 ቀን ከተመላሾች ጋር መጥታ ሐይቅ መናኸሪያ ከሚኒባስ ስትወርድ ፊቷና እግሯ ሞልቶ ነበር። ጎረቤታችን ተሾመች እልል ብላ «አረብ አገር ተስማምቷታል! ጉንጯ አምባሻ አክሏል» አለች። አሪፋም ስቃ «ጫማ እንኳ እምቢ ብሎኝ በሰንደል መጣሁ» አለቻት። ከውጭ የተመለሰ ሰው ወፍሮ ሲታይ ደስ ስለሚለን ማንም ሌላ ነገር አላሰበም። እኔም ፎቶዋን ለክፍል ጓደኞቼ አሳይቻለሁ። በሳምንቱ ግን እስከ ሐይቁ ዳር አብረን ስንሄድ መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ተቀመጠች።

ሰኔ 6 ቀን ሆስፒታል ተኛች። ሐኪሙ እብጠቱን አይቶ ኩላሊት እንዳይሆን አስመረመረ፤ ኩላሊቷ ደህና ሆነ። ከዚያ እድላዊትን አስጠራ። የክፍሉ ሚዛን በጦርነቱ ጊዜ ስለተዘረፈ እድላዊት የአሪፋን እጅጌ ሰብስባ ክንዷን በሜትር ለካች። ክንዷ የእኔን የእጅ አንጓ ያህል ነበር። ሁልጊዜ ረጅም እጅጌ ስለምትለብስ አይተነው አናውቅም። ቀጥላ ቁርጭምጭሚቷን በአውራ ጣቷ ተጭና ለቀቀች፤ የተጫነችው ቦታ እንደጎደጎደ ቀረ። «ይሄ ውፍረት አይደለም፤ ውኃ ነው» አለች። ከዚያ «እዚያ በቀን ምን ትበይ ነበር?» ብላ ጠየቀቻት። አሪፋ «ሙሄ፣ እስኪ ውጣልኝ» አለችኝ። ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ሰማሁ። ስድስት ወር ሙሉ በቀን አንድ ጊዜ ሩዝ፣ አንዳንድ ቀን ደረቅ ዳቦ ብቻ ነበር።

እድላዊት በየሦስት ሰዓቱ ሆስፒታሉ ለተራበ ሰው የሚያዘጋጀውን ወተት አንድ ሲኒ እንድትወስድ ጻፈች። እኔንና አጎቴን ጠርታ «ሰውነቷ ረሃብ ለምዷል፤ ባንዴ ከሞላነው ልቧ አይችለውም። ብትለምናችሁም ከቤት ምንም እንዳትሰጧት። በየቀኑ እየጨመርን እናደርሳታለን» አለችን። አጎቴ ውጭ ስንወጣ «ድመት ናት እንዴ በሲኒ ወተት የሚያጠጧት?» አለኝ።

ሰኔ 8 ቀን እናቴ ከአምባሰል ቅቤና ማር ላከች። መከልከሉን አጎቴም እኔም አልነገርናትም ነበር። የአጎቴ ቤተሰብ ገንፎ አገንፍቶ፣ ብርዝ በጥብጦ ሰጠኝ። የሆስፒታሉ ዘበኛ ዘንቢል እንጂ የተማሪ ቦርሳ ስለማይፈትሽ በደብተሮቼ መሐል ይዤ ገባሁ። ቅቤ የነካውን የፊዚክስ ደብተሬን ለፖሊስ አስረክቤአለሁ። አሪፋ እያለቀሰች በላች። «የእማዬ ቅቤ ነው፤ በሽታው ያውቀዋል፤ ይለቀኛል» አለችኝ።

ሐሙስ ሰኔ 9 ቀን ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ትንፋሿ ፈጥኖ ነበር። እድላዊት መጥታ ካየቻት በኋላ ወደ እኔ ዞራ «ሙሀይሚን፣ ከቤት የመጣ ነገር ቀምሳለች? አልቆጣህም፤ ብቻ ንገረኝ» አለችኝ። ቦርሳው በእግሮቼ መሐል ነበር። «ወላሂ አልቀመሰችም» አልኩ። የአሪፋ የሕክምና ካርድ ላይ «ከቤት የመጣ ምግብ አልወሰደችም» ብላ ስትጽፍ አይቻለሁ። እሷ ከሄደች በኋላ የቀረውን ለአሪፋ ሰጠኋት።

ዓርብ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ አረፈች። ከጁምዓ በኋላ ቀበርናት። ከቀብር ስንመለስ አጎቴ «ገንፎውን ለሰው እንዳታነሳ፤ እናትህን ትገድላታለህ» አለኝ።

እስከ ዛሬ ለምን ዝም እንዳልኩ ተጠይቄ፣ ፈርቼ ነው ብያለሁ። ዛሬ ለምን እንደተናገርኩ ተጠይቄ የሚከተለውን መልሻለሁ። ባለፈው ቀጠሮ እድላዊት እዚሁ ቆማ ካርዱን እንድታነብ ታዘዘች። በካርዱ መሠረት አሪፋ የቀመሰችው እሷ ያዘዘችውን ብቻ ስለሆነ ጥፋቱ የእሷ ይመስላል። ስታነበው «ወንድሟ እንደነገረኝ» አለች እንጂ ዋሽቶኝ ይሆናል አላለችም። እኔም አጠገቧ ቆሜ ዝም አልኩ።

ምግቡ ይሁን በሽታው የገደላት ሐኪም የሚለው እንጂ እኔ የማውቀው አይደለም። እህቴ መራቧን ቀድማ ያወቀችው ግን እድላዊት ናት። እኛ ወፈረች ብለን እልል ብለናል። በካርዱ ላይ ያለው ያ መስመር የእኔ ውሸት ስለሆነ በዚህኛው ቃሌ እንዲታረም እጠይቃለሁ።

ከላይ የሰፈረው ተነቦልኝ ሰምቻለሁ። የጨመርኩትም የደበቅኩትም የለም፤ ማንም አላስገደደኝም።

የምስክሩ ፊርማ፦ ሙሀይሚን ኸሚስ

ወ/ሮ ዘይቱና የገንፎውን ነገር የሰሙት አሁን ቃሉ ሲነበብ መሆኑን ገልጸው፣ ለጥቂት ጊዜ ውጭ ቆይተው ተመልሰዋል። መጻፍ ስለማይችሉ በአውራ ጣታቸው ፈርመዋል።

የአሳዳጊ አሻራ፦ (የቀኝ እጅ አውራ ጣት)

ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ ም/ሳጅን አራጋው እንየው፣ ፊርማ