የጠዋቱ የመጀመሪያ ገዢ

አቶ መዝገቡ ማኑሄ ከአባታቸው ከአቶ ማኑሄ ተክለሃይማኖትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወርቄ ያደሳ በ1942 ዓ.ም. በጉራጌ አገር ተወልደው፣ ገና በልጅነታቸው አጎታቸው ወደ አዲስ አበባ አምጥተዋቸው ኮልፌ አደጉ። ቀን እየሠሩ ማታ እየተማሩ እስከ ስምንተኛ ክፍል ደርሰዋል፤ አሥረኛ ነው የሚሉም አሉ፣ እኔ ግን ወረቀቱን አላየሁም።

ይህን የጻፍኩት የግድግዳ ጎረቤታቸው ገበያነሽ ነኝ። ልጃቸው ሔለን «እትዬ ገበያነሽ፣ ከእርስዎ ዓይን የሚያመልጥ ስለሌለ የሕይወት ታሪካቸውን እርስዎ ይጻፉልን» ብላኝ ነው፤ ምስጋና ይሁን ሽሙጥ እስካሁን አልለየሁትም።

አቶ መዝገቡ በከተማ አውቶቡስ ትኬት ቆራጭነት ጡረታ እስኪወጡ ያገለገሉ፣ ከወይዘሮ አልማዜ ጋር ትዳር መሥርተው ሔለንንና ሉሲን ያፈሩ ሰው ቢሆኑም፣ ሰፈሩ ያወቃቸው በእጃቸው ነው። ከታክሲ ፌርማታው እስከ መስጊዱ መታጠፊያ ባለው፣ ከአስኮም ከጦር ኃይሎችም ሰው ለገበያ በሚመጣበት የሱቆቻችን ረድፍ፣ በጠዋት መጀመሪያ እሳቸው የገዙበት ቤት ቀኑን ሙሉ ገበያው ይሰምርለታል ተብሎ ይታመን ነበርና፣ ባለሱቆቹ መዝጊያቸውን ከፍተው አንገታቸውን አስግገው ይጠብቋቸዋል። እሳቸውም ዛሬ ከአንዱ ክር፣ ነገ ከሌላው ክብሪት ይገዛሉ። በፎቶ ቤቱ መስኮት ላይ የተሰቀለው ጉርድ ፎቶ ግማሹ የእሳቸው የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ጡረተኛ ይህን ሁሉ ክር ምን እንደሚያደርገው ግን እኔም ጠይቄ መልስ አላገኘሁም።

ነገር ግን በዚያው ረድፍ ያለውን የወጣቱን የጀይሉን ጨርቅ ቤት ሲረግጡ አይቼ አላውቅም። እዚያ ሲደርሱ አስፋልቱን ተሻግረው በማዶ ያልፋሉ፤ ይህንን በዓይኔ አይቻለሁ። እሳቸው የሚሸሹት ሱቅ አንድ ነገር ቢኖረው ነው ተባለ። ልብስ ሰፊዋ አልፊያ «ልጁ ሰው አክባሪ ነው፣ ምን አግኝተውበት ነው?» ብትልም የሚሰማት አልነበረም። ጨርቁ ሲታጠብ ያልቃል ያለ አለ፤ የተቀበረበት ነገር አለ ያለም አለ። ገዢው እየቀረ ሄዶ ጀይሉ በዚህ ወር መጨረሻ ሱቁን ሊያስረክብ ደረሰ።

አቶ መዝገቡ ባለፈው ክረምት በኩላሊት ሕመም አልጋ ሲይዙ፣ ሾርባ ይዤ ገብቼ፣ ነገሩ ከሆዴ አልወጣ ስላለኝ «ጀይሉ ምን አድርጎዎት ነው?» ብዬ ፊት ለፊት ጠየቅኋቸው። እሳቸውም ነገሩኝ። የጀይሉ አባት ወዳጃቸው ነበሩ፤ ያንን ሱቅ የከፈቱ ዕለት «መጀመሪያ አንተ ግዛልኝ» ብለው ስለለመኗቸው አቶ መዝገቡ አንድ መሐረብ ገዙ፤ ሰውየው ግን በዚያው ቀን፣ እኩለ ቀን ሳይሞላ፣ እባንኮኒያቸው ላይ ወድቀው ቀሩ።

«ሰው እጄን ይወዳታል፣ እኔ ግን እፈራታለሁ፤ አባቱን የበላች ልጁንም እንዳትበላብኝ ብዬ ነው የሸሸሁት» አሉኝ።

ላምናቸው አልቻልኩም፤ ሄጄ አልፊያን ጠየቅኋት። መሐረቡን ጠርዙን የሰፋችላቸው እሷ ኖራ፣ ቀለሙን ሳይቀር ነገረችኝ። ተመልሼ በእርስዎ ፍርሃት የልጁ ሱቅ ሊዘጋ ነው ስላቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። በማግስቱ አልማዜን ጠርተው «መገነዣዬን ከጀይሉ ግዙልኝ፣ በጠዋት፣ ሰው ሳይቀድማችሁ» ብለው ተናዘዙ።

ትናንት ማታ በተወለዱ በሰባ አምስት ዓመታቸው አረፉ። ዛሬ ጎህ ሲቀድ ከአልማዜ ጋር ሄደን አቡጀዲውን ስንጠይቀው፣ ጀይሉ እያለቀሰ ቀደደልንና ሒሳቡን አልቀበልም አለ። «ግዙ ነው ያሉት» ብለን እጁን ከፍተን አስያዝነው።

እንግዲህ አቶ መዝገቡ ባለቤታቸውን ወይዘሮ አልማዜን፣ ሁለት ሴት ልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን ትተውልን ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ አጠገብ ያስቀምጥልን፤ ያቺን የፈሯትን እጃቸውንም ይባርክልን።

እናንተ ለቀስተኞች ዛሬ ይህን ስትሰሙ ሁላችሁም ራሳችሁን ነቅንቃችኋል። ነገ ጠዋት ጀይሉ መዝጊያውን ሲያነሣ ማን እንደሚገባ፣ ማን አስፋልቱን እንደሚሻገር፣ እኔ በሬ ላይ ቁጭ ብዬ አያለሁ።